ከሮቢንስ እስከ አቃቂ

የኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አድዋ በጣሊያን ቦምብ ስትደበደብ እዚያው የነበሩትን ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ነው። ለእኒህ ሰው የመጀመሪያውን ማኮብኮቢያ የሰጠቻቸውን መንደር ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ሮቢንስ ትባላለች። ከቺካጎ በስተደቡብ ትገኛለች፤ በ1910 ዓ.ም. ጥቁሮች ራሳቸውን በራሳቸው ሊያስተዳድሩባት የቆረቆሯት ትንሽ መንደር ናት። ሮቢንሰን ሚሲሲፒ ውስጥ አድገው፣ በተስኪጊ ተቋም የመካኒክነት ሙያ ተምረው ቺካጎ ሲገቡ የበረራ ትምህርት ቤቱ በር ለጥቁር ዝግ ነበር። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ በጽዳት ሠራተኛነት ገብተው ወለል እየጠረጉ ትምህርቱን ያዳምጡ ነበር። የአብራሪነት ፈቃድ ካገኙ በኋላም የነጮቹ የአውሮፕላን ሜዳዎች አላስጠጓቸውም። ያስጠጋቻቸው ሮቢንስ ናት። ሮቢንሰንና ባልንጀራቸው ኮርኔሊየስ ኮፊ ከጓደኞቻቸው ጋር ዛፍ መንጥረው፣ መሬቱን ደልድለው፣ የአውሮፕላን መጠለያ አቆሙ። ጃኔት ብራግ የተባለችው ነርስ ከደመወዟ ባጠራቀመችው ገንዘብ ለቡድኑ አውሮፕላን ገዛች። በ1925 ዓ.ም. ዐውሎ ነፋስ ተነሥቶ ያን ሁሉ ልፋት አወደመው። እነርሱ ግን መብረራቸውን አልተዉም።

አቃቂም በዚያ ዘመን ከመዲናይቱ ወጣ ያለች፣ የባቡር ጣቢያ ያላት ገጠር ነበረች። ግንቦት 1927 ዓ.ም. ሮቢንሰን በዶክተር መላኩ በያን አገናኝነት በንጉሠ ነገሥቱ ተጋብዘው ሲመጡ፣ አቃቂ ሬዲዮ ጣቢያም የአውሮፕላን ሜዳም ነበራት። ያገኟቸው አውሮፕላኖች ከአንድ ደርዘን እምብዛም የማይበልጡ ናቸው፤ አብዛኞቹ ፈረንሳይ ሠራሽ ፖቴዝ፣ ባለ ድርብ ክንፍ፣ አብራሪው ራሱን ለነፋስ ሰጥቶ የሚቀመጥባቸው። ከጣሊያን አየር ኃይል ጋር የሚገጥሙ አልነበሩም። ስለዚህ መልእክትና መድኃኒት ያመላልሱባቸው ነበር፤ ይህንንም ማድረግ በዚያ ሰማይ ላይ ትልቅ ጀግንነት ነበር። መጋቢት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት አውሮፕላኖች የአቃቂን ሜዳ መቱ።

ሮቢንሰን አሜሪካ ተመልሰው ዝም አላሉም። ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. ባለሙያዎች አስከትለው ዳግመኛ መጡና የኢትዮጵያን ወጣቶች በረራ አስተማሩ። መጋቢት 1946 ዓ.ም. አውሮፕላናቸው ተከስክሶ ባደረሰባቸው ጉዳት አረፉ፤ መቃብራቸውም ጉለሌ ነው። ያቺ ነርስ ጃኔት ብራግም በበኩሏ ቺካጎ ለሚማሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ቤቷን ከፍታ እንደ እናት ትንከባከባቸው ነበር።

በእኔ እምነት የሮቢንሰን ውለታ የአንድ ጀግና ውለታ ብቻ አይደለም፤ በጎረቤቷ ከተማ ሜዳ የተነፈጉትን አስጠግታ የራሷን ያስደለደለች የአንዲት መንደርም ነው። የአቃቂ ቃሊቲ ትምህርት ቤቶች የሮቢንስን ታሪክ ለልጆቻቸው ያስተምሩ፤ ክፍለ ከተማውም ከዚያች መንደር ጋር ደብዳቤ ይጻጻፍ። የሜዳውን ነገር ከወላጆቻቸው የሰሙ የአቃቂ አረጋውያን ካሉም፣ እባካችሁ ሳይመሽ ጻፉልን፣ አጻፉልን።