ከፈረስ ጭራ እስከ ብረት ክር

ደባርቅ ያለው የመዘምራናችን ቤዝ ጊታር አዲስ ክር በገባለት እሑድ፣ ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀመጡ አንዲት እናት ወደ እኔ መጡና «ልጄ፣ ጊታሩን ሰማሁት፤ የመዝሙሩን ቃል ግን አልሰማሁም» አሉኝ። ክሩን ከጎንደር መርጬ ያመጣሁት እኔው ነበርኩ። ቤዝ የምትጫወቱ ወጣቶች፣ የእኔን ስሕተት እንዳትደግሙ ስለ ክር ታሪክ ጥቂት ላጫውታችሁ።

ክር መምረጥ ከኤሌክትሪክ ጋር የመጣ ነገር አይደለም። በዳባትና በደባርቅ የምትሰሙት መሲንቆ አንድ ክር ብቻ አለው፤ እሱም የፈረስ ጭራ ጥቅል ነው። በገና ዐሥር አለው፤ በጥንቱ ልማድ ከበግ አንጀት ይሠራል። ያ የሚነዝር ድምፁ ግን ከአንጀቱ ብቻ አይመጣም፤ ክሩ በሚያርፍበት እንጨት ላይ እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች።

ድምፅ እንዲወርድ ክሩ መክበድ አለበት። አንጀቱን ዝም ብሎ ማወፈር ግን ክሩን ያደነድነዋል፣ ድምፁንም ያፍነዋል። በ17ኛው መቶ ዘመን አውሮፓውያን በአንጀት ላይ ቀጭን ሽቦ መጠምጠም ጀመሩ። የዛሬው የቤዝ ክርም እንዲሁ ነው፤ መሐሉ ብረት፣ ላዩ ጥምጥም።

ልዩነቱ ያለው እዚያ ጥምጥም ላይ ነው። ሊዮ ፌንደር በ1951 እ.ኤ.አ. ፕሪሲሽን ቤዝን አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ካቀረበ በኋላ ባሉት ዓመታት የተለመደው ጠፍጣፋ ጥምጥም ነበር፤ ለጣት ልስልስ፣ ድምፁ ድፍን፣ ቶሎ የሚያርፍ። የሞታውኑ ጄምስ ጄመርሰን የተጫወተው በዚህ ዓይነት ክር ነው። ካልተበጠሰ በቀር አይቀይረውም ነበር ይባላል። በ1966 እንግሊዝ ውስጥ ሮቶሳውንድ ከጆን ኤንትዊስል ጋር ተመካክሮ ክብ ጥምጥም ያለው ክር ሠራ፤ እንደ ፒያኖ የሚያቃጭልና ድምፁ ረጅም ጊዜ የሚቆይ። ዛሬ ሱቅ ገብታችሁ «የቤዝ ክር» ብትሉ የሚሰጧችሁ አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ነው። እኔም የገዛሁት እሱን ነበር።

ቤዝ በአገራችን ምን እንደሠራ መስማት ከፈለጋችሁ፣ በተራራችን እንስሳ የተሰየመውን ዋልያስ ባንድን ስሙ። «ሙዚቃዊ ስልት» በ1977 እ.ኤ.አ. በወጣው «ቼ በለው» አልበም ውስጥ ይገኛል፤ የባንዱ ቤዝ ተጫዋች መላኬ ገብሬ ነበር። (መምህር ዘፈን አስደመጠን እንዳትሉኝ፤ ቃል የለውም።) ቤዙ አንዱን ሐረግ እየደጋገመ ሌሎቹን ተሸክሞ ይሄዳል።

አዳራሻችን የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፤ የሚያቃጭል ድምፅ እዚያ ሲደርስ ይባዛል። ስለዚህ ጠፍጣፋውን አስገባን። ዋጋው ይበልጣል፤ መዘምራኑ ሁለት ወር አዋጥተዋል። ግን ለዓመታት ያገለግላል፣ በአንገቱ ላይ ያሉትን ብረቶችም አይበላም። ብቻውን ሶሎ መጫወት የሚወድ ልጅ ክቡን ቢመርጥ አልፈርድበትም፤ ለጉባኤ መዝሙር ግን ምርጫዬ ጠፍጣፋው ነው።

ስትገዙ «ለባለ አራት ክር፣ ረጅም» በሉ፤ ድምፅ የሚሰጠው የክሩ ክፍል 86 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አዲሱ ክር ከቀድሞው በላይ ከወጠረ የጊታሩ አንገት ሊጎብጥ ስለሚችል፣ በውስጡ ያለውን ብረት የሚያስተካክል ሰው ፈልጉ። ደግሞም የደባርቅ ብርድ ብረቱን ያኮማትረዋል፤ ጠዋት የቃኛችሁት፣ አዳራሹ በሰው ሲሞቅ ይወርዳልና ከሁለተኛው መዝሙር በፊት እንደገና ቃኙት።