ሐኪም ወርቅነህና ትምህርታቸው

ወርቅ በእሳት ይፈተናል፥ ተማሪም በችግር። በ1860 ዓ. ም. በሚያዝያ ወር አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ በወደቁ ጊዜ፥ ወርቅነህ የሚባል ሕፃን ከወላጆቹ ተለይቶ በእንግሊዝ ጦር መካከል ተገኘ። እነርሱም ወደ ሕንድ አገር ወሰዱት፤ በዚያም ስሙ ተለውጦ ቻርልስ ማርቲን ተባለ፥ ያባቶቹም ቋንቋ ካፉ ጠፋ። ሁሉን ባጣበት አገር ግን ጥበብን አገኘ፤ በላሆር የሕክምናን ትምህርት ተምሮ በ1874 ዓ. ም. ፈጸመ፥ ኋላም በስኮትላንድ በዚያው ላይ ጨመረበት።

ከዐድዋ ድል በኋላ ሐኪሙ ወዳገራቸው ሲመለሱ ዐማርኛን እንደ ሕፃን እንደገና መማር ግድ ሆነባቸው። በ1917 ዓ. ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ፤ ያለ ወላጅ ያደጉት ሰው ለብዙዎች ልጆች አባት ሆኑ። ስምና ቋንቋ ሊማረኩ ይችላሉ፤ በድካም የተገኘ ዕውቀት ግን ከማራኪው እጅ ወጥቶ ላገር ይተርፋል።