የአዮዋው ሹምና በስልክ የሚነበበው ጋዜጣ

የካቲት 24 ቀን 1923 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1931) የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር በአንድ አጭር ሕግ ላይ ፈረሙ። ሕጉ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለዓይነ ስውራን መጻሕፍት እንዲያዘጋጅ በዓመት 100,000 ዶላር ይፈቅዳል። ያረቀቁት የኒው ዮርኳ ሩት ፕራትና የዩታው ሴናተር ሪድ ስሙት ናቸው። ይኸው ስሙት ከዓመት በፊት ባወጣው የጉምሩክ ታሪፍ ዓለም ሲረግመው ኖሯል፤ ስለዚህኛው ሕጉ ግን የሚያመሰግነው ብዙም አልተገኘም። የሕጉ መቶኛ ዓመት እየተቃረበ በመሆኑ አዘጋጃችን ይህን ገጽ ለእሱ ሰጥቶኛል።

ዋናው ታሪክ የታወቀ ስለሆነ ቶሎ እንለፈው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1934 በሸክላ የተቀዱ የሚናገሩ መጻሕፍት መታደል ጀመሩ። በ1952 ሕጉ ሕፃናትንም ጨመረ። በ1966 ደግሞ መጽሐፍ መያዝ ወይም ገጽ መግለጥ ለማይችሉ ሰዎች ተዳረሰ። ይህ ሁሉ ግን የመጽሐፍ ነገር ነው። ጋዜጣ ተቀድቶ፣ ተባዝቶ፣ በፖስታ እስኪደርስ ወሬው ያረጃል። ሚኒሶታ በ1969 ለዓይነ ስውራን ብቻ የተለየ የሬዲዮ መስመር ከፍታ ጋዜጣ ማስነበብ ጀመረች። በ1974 ደግሞ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ዛሬ የእኛ ሰው ቤቱ ባደረጋት ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ዋሽንግተን ኢር የተባለው ድርጅት ተመሠረተ። በጎ ፈቃደኞች ጋዜጣውን እየገለጡ ያነቡ ነበር። መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ምን እንደሚነበብ የሚመርጠው አንባቢው እንጂ አድማጩ አይደለም። የስፖርት ገጹ በሚነበብበት ሰዓት ሥራ ላይ የነበረ ሰው አመለጠው ማለት ነው።

እኔን የያዘኝ ግን አንድ ሰውና አንድ ጠብ ነው።

ኬኔት ጀርኒጋን ሲወለድ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነበር። ያደገው በቴነሲ ገጠር፣ በእርሻ ቤት ነው። በ1958 በአዮዋ ግዛት የዓይነ ስውራን ኮሚሽን ዳይሬክተር ሆኖ ሲሾም መሥሪያ ቤቱ ከአገሪቱ ደካሞች አንዱ ነበር። ጀርኒጋን በዋና ከተማዋ በዴሞይን ባለ ስድስት ፎቅ አሮጌ ሕንፃ ተረክቦ ወደ ማሠልጠኛነት ለወጠው። አሠራሩ ኮስተር ያለ ነበር። ጭላንጭል የሚያይ ሠልጣኝ ዓይኑን በጨርቅ ይጋርዳል፤ እንጨት ይፈልጣል፤ ከሰል አያይዞ ሥጋ ይጠብሳል። ዓይናማ ሠራተኞችም ተሸፍነው ያንኑ እንዲያልፉ ይደረግ ነበር። ሠልጣኞቹ ከዚያ ወጥተው መምህር፣ ጠበቃና ነጋዴ ሆነዋል። በ1968 ከዋሽንግተን የፕሬዚዳንቱ ምስጋና መጣለት።

በዚያው ዓመት የብሔራዊ የዓይነ ስውራን ፌዴሬሽን መሪ ሲሞት ጀርኒጋን የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነ። ጠቡ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው በአንድ በኩል የግዛቱን በጀት የሚያዝ ሹም ነው፤ በሌላ በኩል መንግሥትን የሚሞግት ማኅበር መሪ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ዴሞይን ሬጅስተር የተባለው ጋዜጣ ተከታታይ ዘገባ አወጣ። የዘገባው ጭብጥ የመንግሥት ሥራና የማኅበር ሥራ ተደባልቋል፣ ሰውየውም እንደ ንጉሥ ነው የሚገዛው የሚል ነበር። ከዓይነ ስውራኑም ውስጥ ያኮረፉት ከጋዜጣው ጎን ቆሙ። ፌዴሬሽኑ በበኩሉ ነገሩን ስም ማጥፋት ነው አለው። ዓይነ ስውራን የራሳቸውን ጉዳይ ራሳቸው ሲመሩ ማየት ያልለመደ አገር ሰበብ ፈልጎ ነው የሚል ነበር ክርክሩ። ጀርኒጋን በ1978 ከሹመቱ ለቀቀና ወደ ባልቲሞር ተሻገረ። ክስ አልተመሠረተበትም።

ሁለቱን ወገኖች ሳነብ ጋዜጣው ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ለማለት አልደፍርም። አንድ ሰው ሁለት ወንበር ላይ ሲቀመጥ መጠየቁ ደንብ ነው፣ ጀርኒጋንም ትችት የሚወድ ሰው አልነበረም። ሆኖም የጠቡን አቧራ ካራገፍነው የሚቀረው እነዚያ ሠልጣኞችና ያ ሕንፃ ናቸው። ከእርሱ በፊት የነበሩት ጨዋ አስተዳዳሪዎች ደብተራቸው ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ያቆሙት ነገር ግን እምብዛም አልነበረም።

ቀጥሎ ያሉት ዓመታት የጉባኤና የንግግር ዓመታት ናቸው። ጀርኒጋን በ1986 ፕሬዚዳንትነቱን ለማርክ ማውረር አስረከበ፤ ፌዴሬሽኑ በባልቲሞር የብሬልና የቴክኖሎጂ ማዕከል አቋቋመ። ያም ሆኖ ጀርኒጋን ከጀርባ መሥራቱን አልተወም።

የዚህ ሥራው ፍሬ የሆነው ኒውስላይን፣ ጋዜጣን በስልክ የሚያስነብበው የፌዴሬሽኑ አገልግሎት፣ በ1995 ተከፈተ። መጀመሪያ የተነበበው ዩኤስኤ ቱዴይ ነው፤ ኒው ዮርክ ታይምስና ቺካጎ ትሪቢዩን ተከተሉ። አሠራሩ ለዘመኑ ድንቅ ነበር። ጋዜጦቹ የነገውን እትም በኤሌክትሮኒክ ፋይል ሌሊቱን ወደ ባልቲሞር ይልካሉ። ኮምፒውተር በዓምድና በርዕስ ከፋፍሎ በየከተማው ወደነበሩት ማዕከላት ያስተላልፍ ነበር። ተመዝጋቢው ጠዋት ስልኩን አንሥቶ ይደውላል፤ መለያ ቁጥሩንና የምስጢር ቁጥሩን ይመታል፤ ከዚያ ጋዜጣውን፣ ዓምዱን፣ ጽሑፉን በስልኩ ቁልፎች ይመርጣል። አልጥም ያለህን ትዘላለህ፤ ዘገምተኛ ከሆነብህ ታፈጥነዋለህ። የሚያነበው ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው። ለጆሮ ሻካራ ነው ብለው የሰውን ድምፅ የመረጡ ነበሩ። እኔ ግን የሟች ማስታወቂያ ልስማ ወይስ ርዕሰ አንቀጽ የሚለውን አድማጩ ራሱ መወሰኑ ከድምፅ ለስላሳነት ይበልጥብኛል።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይፈልጋል። የፌዴሬሽኑ መልስ በየግዛቱ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወጪውን ይሸፍን የሚል ነበር፤ ቤተ መጻሕፍት ይሁን የዓይነ ስውራን ኮሚሽን ግድ የለም። በኮሎራዶ ብልሃት ተገኘ። እያንዳንዱ የስልክ ደንበኛ መስማት ለተሳናቸው አገልግሎት በየወሩ ከሚከፍላት ትንሽ ሳንቲም የተወሰነው ወደ ንባብ አገልግሎት ፈንድ እንዲዛወር በሕግ ተደነገገ። ለአንዱ የአካል ጉዳት የተዋጣው ለሌላውም ተረፈ ማለት ነው። መጀመሪያ አገልግሎቱ የአካባቢ ማዕከል ባላቸው ከተሞች ብቻ ስለነበር ገጠር ያለው ሰው የረጅም ርቀት ታሪፍ ይፈራ ነበር፤ በ2000ዎቹ መግቢያ ኮንግረሱ 4 ሚሊዮን ዶላር መድቦ መስመሩ በአገሪቱ ሁሉ ያለ ክፍያ እንዲደወልበት ተደረገ። ጀርኒጋን ይህን አላየም፤ በጥቅምት 1998 አርፏል። ዴሞይን ሬጅስተር ግን ዛሬ ኒውስላይን ላይ ከሚነበቡት የአዮዋ ጋዜጦች አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የሕዝብ ገንዘብ የሚከፈልበትን ይህን መስመር የሚያንቀሳቅሰው ያው ፌዴሬሽን ነው። በዴሞይን ነውር የተባለው የመንግሥት በጀትና የተጠቃሚዎች ማኅበር ትስስር ቆይቶ የውል ሰነድ ሆነ። ልዩነቱ አሁን ሁለቱ ወንበሮች ላይ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች መሆናቸው ነው፤ ከሳሾቹ በዚህ አንድ ነጥብ ትክክል ነበሩ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ኢትዮጵያ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች ጽሑፍን ያለ ደራሲው ፈቃድ አመቻችቶ ለማባዛት የሚፈቅደውን የማራካሽ ስምምነት በ2020 ተቀላቅላለች። በስልክ ቁልፍ መረጃ መምረጥም ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ከ2014 ጀምሮ ገበሬው 8028 ደውሎ ስለ ጤፍና ስለ ስንዴ አዘራር በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ ሲያዳምጥ ቆይቷል፤ የደወሉት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው። ያንን መስመር የዘረጋው የመንግሥት ኤጀንሲ ነው። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ደግሞ ከ1960 ጀምሮ አለ። የአማርኛ ጋዜጣ በስልክ ይነበብ ከተባለ ገንዘቡን መንግሥት ሊሰጥ ይችላል፤ መስመሩ በማን እጅ ይሁን የሚለው ላይ ግን የአዮዋው ክርክር አዲስ አበባ መምጣቱ አይቀርም።