ድሬዳዋ፤ የሐዲድና የደረቅ ወንዝ ከተማ

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት ይባላል። እውነት ነው። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በረሃ አቋርጦ በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር እዚያ ባይደርስ ኖሮ ከተማይቱ ዛሬ ባለችበት ቦታ ባልተቆረቆረች ነበር። እኔ ግን በእግሬ ዞሬ ካየኋት በኋላ በዚህ አባባል ላይ አንድ ነገር መጨመር አለበት እላለሁ። ሐዲዱ ቢወልዳትም ያሳደጋት ገበያው ነው፤ ለሁለት ከፍሎ ያኖራት ደግሞ የደቻቱ ወንዝ።

ዐፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ የመዘርጋት ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። በመጀመሪያው ዕቅድ መሥመሩ ሐረር መግባት ነበረበት። ሐረር ግን ደጋ ላይ ናት። አቀበቱ ለባቡር ስለከበደና ወጪውም ስላስፈራ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ እንዲያልፍ ተወሰነ። አዲሱን ሰፈርም “አዲስ ሐረር” አሉት፤ ስሙ ግን አልጸናም።

ብዙም ሳይቆይ ኩባንያው ገንዘብ አጠረውና ከሰረ። ፈረንሳይና እንግሊዝም በመሥመሩ ይሻኮቱ ስለነበር ሥራው ለዓመታት ቆመ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። እስከዚያው ከመሐል አገር በበቅሎና በግመል የሚመጣው ቡናና ቆዳ ድሬዳዋ ላይ እየተራገፈ በባቡር ይጫን ነበር። የኩባንያው ችግር ለድሬዳዋ ነጋዴ ሲሳይ ሆነለት ማለት ነው።

ደቻቱ ወንዝ ይባላል እንጂ አብዛኛውን ዓመት የሚታየው አሸዋ ነው። በአንዱ ወገን ቀዚራ አለ። ኩባንያው ቀጥ ያሉ መንገዶችን በፕላን የቀየሰበት፣ ዛፍ ጥላውን የጣለበት፣ ጣቢያውና የጥገና ጋራዡ የሚገኙበት ሰፈር ነው። በማዶው መጋላ አለ። “መጋላ” በኦሮምኛም በሶማልኛም ከተማ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ነዋሪው ከተማ ብሎ የጠራው ኩባንያው ያቀደውን ሰፈር ሳይሆን ከወንዙ ማዶ ራሱ የሠራውን ነው።

በመጋላ በኩል፣ በቅስት በሩ የሚታወቀው ቀፊራ ገበያ ስገባ አንዲት ሎሚ ሻጭ ከፊቴ ለነበሩት ሁለት ሴቶች በኦሮምኛና በሶማልኛ ስትመልስ ቆይታ ለእኔ በአማርኛ ዋጋ ጠራችልኝ። ይህ እዚያ ለማንም አይደንቅም። ወደ ጥገናው ጋራዥ ስሻገር ደግሞ ሌላ ዓለም ገጠመኝ። ግዙፎቹ ማሽኖች ጸጥ ብለዋል፤ ሠረገላዎች በአንድ ሜትር ስፋት ሐዲዳቸው ላይ ቆመዋል። ያስጎበኙኝ ጡረተኛ የመሣሪያዎቹን ስም በፈረንሳይኛ እየጠሩ ያሳዩኝ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያው ከከተማው ውጭ ነው። መንገደኛ ከባቡር ወርዶ በቀጥታ ቀዚራ ዛፎች ሥር የሚገባበት ዘመን አልፏል። ገበያው ግን ባቡር አልጠበቀም፤ ቀጥሏል።

ታዲያ ወንዙን የረሳ የከተማይቱን ታሪክ አጎደለ። አሸዋው ላይ ሰው እንደ ልቡ ይመላለሳል፤ በዳርቻውም ድሃው ቤት ሠርቶ ኖሯል። አበው “እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ” የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ጎርፍ ደቻቱን ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ በሺዎች የሚቆጠሩትንም ቤት አልባ አደረገ። ክፉኛ የተጎዱት በወንዙ ዳርና በአሸዋው ጠርዝ የሰፈሩት ነበሩ።

የባቡሩ ታሪክ በውልና በኩባንያ መዝገብ ተጽፏል። ጋራዡም በሙዚየምነት ቢጠበቅ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ድሬዳዋን ለመጎብኘት የሚሄድ ሰው ሎኮሞቲቭ አይቶ ብቻ አይመለስ። ደቻቱ ድልድይ ላይ ጥቂት ይቁም፤ ውኃው የት ድረስ ደርሶ እንደነበር ሰፈርተኛውን ይጠይቅ። ያን ሌሊት ያዩ ሰዎች ዛሬም አሉ። የእነርሱ ታሪክ በመዝገብ እንዲሰፍር ከተፈለገ ሳይዘገይ አሁኑኑ ቃላቸውን መቀበል ያሻል።