አሮጌ ቀለም በአዲስ ሞተር

ጎበዝ፣ አዲስ ሞተር ሳይክል አሮጌ አስመስሎ ሠርቶ መሸጥ ምን የሚሉት ንግድ ነው? ክብ የፊት መብራት፣ ሁለት ቀለም የተቀባ የቤንዚን ታንክ፣ በቀለሞቹ መሃል የተሰመረች ቀጭን መስመር። «ሬትሮ» ይሉታል። የአባትን ኮት ከሳጥን አውጥቶ እንደ መልበስ ነው ብንል ያስኬደናል። ልዩነቱ፣ ኮቱ ትናንት የተሰፋ መሆኑ ነው። ለዛሬ ወጋችን የመረጥናት የዚህን ንግድ ዝነኛ፣ የእንግሊዟን ትራያምፍ ቦነቪልን ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከስሟ እንጀምር። ቦነቪል አሜሪካ፣ ዩታ ውስጥ ያለ ለጥ ያለ የጨው ሜዳ ነው፤ ፍጥነት ያሰከራቸው ሰዎች የሚፈታተኑበት። በ1956 ጆኒ አለን የተባለ አሜሪካዊ፣ የትራያምፍ ሞተር የተገጠመላት ሚሳይል መሳይ ተሽከርካሪ ይዞ በሰዓት 345 ኪሎ ሜትር ገደማ ነጎደበት። ዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን ክብረ ወሰኑን አላጸድቅም አለ። ትራያምፍ ግን ማንን ሊሰማ! ለ1959 ያዘጋጃትን ባለ 650 ሲሲ ፈጣን ሞተር በሜዳው ስም «ቦነቪል» ብሎ ጠራት።

ችግሩ ልብሷ ላይ ነበር። የመጀመሪያዋ ቦነቪል የመጣችው መንደሪን በሚመስል ብርቱካናማና በግራጫ ተቀብታ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቀለሟ አልተወደደም። የፊት መብራቷ ከመሪው ጋር በአንድ ቆርቆሮ ተሸፍኖ፣ ፓራፋንጎዋም ሰፍቶ ስለነበር ያቺ ፈጣን ሞተር የጨዋ ሽማግሌ መጓጓዣ መሰለች። ዓመቱ ሳያልቅ ብርቱካናማው ወጥቶ ሰማያዊ ተተካ። በ1960 ደግሞ መብራቱ ከቆርቆሮው ነፃ ወጣ። ዛሬ «የቦነቪል መልክ» የምንለው ነገር የተገኘው ከንድፍ ጠረጴዛ ብቻ ሳይሆን ከገዢ ኩርፊያም ነው ማለት ነው።

አሁን ጉዱን ስሙ። በ2009 የቦነቪል 50ኛ ዓመት ሲከበር ኩባንያው ተራ ቁጥር የተሰጣቸው 650 ሞተሮች አዘጋጀ። ምን ቀለም ቀባቸው? ሰማያዊና ብርቱካናማ! ያ ገዢ ፊቱን ያዞረበት ብርቱካናማ በሃምሳ ዓመቱ የክብር ልብስ ሆኖ መጣ። ጊዜ ደጉ፣ ያልተሸጠውን «ቅርስ» ያደርገዋል።

መካኒኩም ያው ነው። ከ2008 ጀምሮ ቦነቪል ቤንዚኗን በኤሌክትሮኒክ መርጫ መጠጣት ስትጀምር፣ መርጫው የድሮ ካርቡሬተር በሚመስል አካል ውስጥ ተሸሸገ። በ2016 ሞተሯ በውሃ መቀዝቀዝ ቢጀምርም፣ ንፋስ ብቻ ያቀዘቅዛት በነበረበት ዘመን የለበሰቻቸው ክንፎች ከሲሊንደሯ ላይ አልተነሱም። ውስጧ ዘመናይ፣ ውጪዋ የአያት።

ይህ ሁሉ ደስ ይላል። እኛንም ደስ ይለናል፤ አንዋሽም። ግን ቀለሙ የማይነግረን ታሪክ አለ። የድሮዋ ቦነቪል የምትሠራው ሜሪደን በተባለች የእንግሊዝ መንደር ነበር። በ1973 አስተዳደሩ ፋብሪካው ይዘጋል ሲል ሠራተኞቹ በሩን ይዘው «ሞተር አይወጣም» አሉ። ትግላቸው ተራዝሞ በ1975 በመንግሥት ብድር የራሳቸውን የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። በ1977 የንግሥት ኤልሳቤጥ 25ኛ የንግሥና ዓመት ሲከበር፣ ብርማ ቀለም ላይ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ መስመር ያላትን ልዩ ቦነቪል የሠሩት እነዚህ ሠራተኞች ናቸው። ማኅበሩ ግን ከዕዳ አልወጣም፤ በ1983 ተዘጋ። ጆን ብሉር የተባለ የቤት ግንባታ ባለሀብት የትራያምፍን ስም ገዝቶ ሂንክሊ ላይ አዲስ ፋብሪካ ሠራ፤ ቦነቪልም በ2001 ተመለሰች። የሜሪደን ፋብሪካ ፈርሶ መኖሪያ ሰፈር ሆኗል። ከሰፈሩ መንገዶች አንዱ «ቦነቪል ክሎዝ» ይባላል።

ስሙ ቀረ፣ መስመሩ ቀረ፣ ብርቱካናማው ሳይቀር ተመለሰ። በሩን ይዘው የቆሙት ሰዎች ግን በየትኛውም ታንክ ላይ አልተሳሉም። ብሉርን አንወቅስም፤ እሱ ባይኖር ዛሬ የምናወራላት ቦነቪል ባልኖረች። የምንለው ሌላ ነው፦ ሬትሮ ታሪክ ሳይሆን ከታሪክ የተመረጠ ነው። መራጩም ሻጭ ነው። ሻጭ ደግሞ የሚያምረውን ያወጣል፤ የሚያሳፍረውን፣ የሚያከራክረውን ሳጥን ውስጥ ይተወዋል።

እናም ወዳጆቻችን፣ ሞተርም ይሁን ካሜራ ወይም ጫማ፣ አሮጌ መልክ ያለው አዲስ ዕቃ ስታዩ ውደዱት፤ ካላችሁም ግዙት። ብቻ «ይሄ ቀለም ያኔ ማንን አስደሰተ፣ የቀባውስ ማን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አይጠይቅም።

ቸር እንሰንብት።