ግንቦት 28 በሞጣ፦ ዓመታዊው የአካባቢ ቀን በኢንተርኔት ዘመን

የዓለም የአካባቢ ቀን በየዓመቱ ግንቦት 28 ይውላል። ቀኑን የወሰነው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ነው፤ ውሳኔው የመጣውም እ.ኤ.አ. በ1972 የስቶክሆልም ጉባኤን ተከትሎ ነው። በዚያ ዘመን ስለ ደን መራቆትና ስለ አፈር መታጠብ ሕዝብ የሚሰማው ከሬዲዮና ከጋዜጣ ነበር። ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ የሚነደውን ደንም የሚቀልጠውን በረዶም በየሰዓቱ ያያል። ታዲያ በዓመት አንዴ ባነር ሰቅሎ፣ ቲሸርት አድሎ፣ ንግግር አሰምቶ መበተን ምን ይጨምራል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሚመለሰው ግን እንደየቦታው ነው። እዚህ የምንመለከተው ከምሥራቅ ጎጃሞቹ ከሞጣና ከብቸና አንጻር ነው።

በቅድሚያ “የኢንተርኔት ዘመን” የሚለው አነጋገር ራሱ ምሥራቅ ጎጃም ላይ ያነክሳል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ጠፍቶ ቆይቷል። በአንድ ትእዛዝ የሚዘጋ መገናኛ ብቸኛው የአካባቢ ትምህርት መንገድ ሊሆን አይችልም። የቀን መቁጠሪያ ግን አይቋረጥም። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ቀን ማለት ሥራ የሚያዝበትና የሚፈታበት ነው፤ ገበሬው የሚያርሰውም የሚያርፈውም በዓሉንና ግዝቱን ቆጥሮ ነው። በቀን መመራት ለሞጣ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ሆኖም ቀኑን “ግንዛቤ ማስጨበጫ” ብሎ መከላከል ደካማ ክርክር ነው። ከጮቄ ተራራ ግርጌ የሚያርስ ሰው አፈሩ በየክረምቱ ወደ ዓባይ እንደሚወርድ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ማሳውን ቦረቦር ሲበላው እያየ ነው የሚኖረው። የጎደለው ዕውቀት አይደለም። መሬቱ ጠባብ ነው፣ ማገዶ ያስፈልጋል፣ አዝመራው ሲነሣ ከብት በየሜዳው ይለቀቃል። ለዚህ ሰው ስለ ዛፍ ጥቅም ንግግር ማድረግ ለቀባሪው ማርዳት ነው።

በጉልበትም ቢሆን ሕዝቡ አልሰነፈም። በደርግ ዘመን እርከን ሠርቷል፣ ተራራ ከልሏል፤ በ1983 መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ የተከለለው ተቆረጠ። ከ2003 ወዲህ በየበጋው በተፋሰስ ልማት ዘመቻ ለሳምንታት ያለ ክፍያ ድንጋይ ሲክብ፣ አፈር ሲቆፍር ከርሟል። በ2011 አረንጓዴ አሻራ መጣ፤ ሐምሌ 22 ቀን በአገር አቀፍ ደረጃ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአንድ ቀን መተከሉ ተነገረ። ቁጥሩን ዓለም የሰማው በኢንተርኔት ነው። የተተከለው በዕለቱ ምሽት ይታወጃል፤ የጸደቀው ግን በዚያው ድምቀት ሲታወጅ አይሰማም።

ግንቦት 28 ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ በቀኑ ላይ የሚነሣው ቅሬታ ወቅቱን ያልጠበቀ ነው የሚል ነው፤ ዝናቡ ገና አልጠናም፣ መሬቱ ደረቅ ነው፣ ችግኝ አይተከልም። እውነት ነው፣ ለተከላ አይሆንም። ለቆጠራ ግን ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም። ሐምሌ ላይ የተተከለ ችግኝ የመጀመሪያ ፈተናው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ደረቅ ወራት ነው፤ ድርቁን፣ የከብቱን ጥርስ፣ ምስጡን ማለፍ አለበት። በግንቦት መጨረሻ ወደ ተከላው ቦታ የወጣ ሰው ያለውንና የሌለውን በግልጽ ያያል። አንዳንዱ ጉድጓድ ባዶ ነው። አንዳንዱ ውስጥ የደረቀው ችግኝ ሲነቀል የችግኝ ጣቢያው ጥቁር ፕላስቲክ ሳይቀደድ አብሮ ይወጣል፤ ሥሩ በከረጢቱ ውስጥ ዞሮ ዞሮ ታንቆ ቀርቷል። ሰኔ ከገባ ሣሩ ይበቅላል፣ በባዶው ጉድጓድ ሌላ ችግኝ ይገባል፣ የዓምናውም ኪሳራ በዘንድሮው ቁጥር ይሸፈናል።

ከሞጣ ማዶ፣ ከዓባዩ ሰባራ ድልድይ ወዲያ ባለው ደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ያጠናው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ (ብዙው አንባቢ የሚያውቀው በ“እመጓ” ደራሲነቱ ነው) ያሳየውም ይህንኑ ያጠናክራል፦ ከብት እየገባ በሚግጥበት ደን ቡቃያ ሊተካ አይችልም። በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ ጽዱ፣ ወይራውና ዝግባው የቆሙት በዓመት አንድ ቀን ስለታሰቡ አይደለም፤ ባለቤት፣ ወሰንና በየዕለቱ የሚጠበቅ ሥርዓት ስላላቸው ነው። አንድ ቀን ብቻውን ዛፍ አያሳድግም። ጠባቂውን “ምን ደረሰ?” ብሎ መጠየቅ ግን ይችላል።

የውጭውም ታሪክ ወደዚህ ያመለክታል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 1970 በአሜሪካ የመጀመሪያው የመሬት ቀን ሲከበር 20 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደወጣ ይነገራል፤ ዓመቱ ሳያልቅ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ተቋቋመ። ቀኑ የሚታወሰው ከጀርባው ሕግና ተቋም ስለመጣ ነው። በእኛም አገር በ2017 ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ጸድቋል። አዋጁ ሞጣ ገበያ ላይ መድረስ አለመድረሱን ለመመርመር አንድ የታወቀ ቀን መኖሩ አይጠላም።

ኢንተርኔቱም ቦታ አለው። የአንድ ተዳፋት የሐምሌ ፎቶና የግንቦት ፎቶ ጎን ለጎን ቢለጠፉ ከማንኛውም መፈክር ይበልጥ ይናገራሉ። ነገር ግን መቁጠር በእግር ነው፤ ማያ ገጽ ላይ ሆኖ አይቆጠርም። በእርግጥ ይህ ሁሉ ሰላም ይፈልጋል፤ ባለሙያ ወደ ቀበሌ መውረድ በማይችልበት ጊዜ ቆጠራውም አይሆንም። የተረጋጋው ቀበሌ ግን ጸጥታው በሁሉም ቦታ እስኪሰፍን መጠበቅ የለበትም።

ስለዚህ በሞጣና በብቸና ዙሪያ ያሉት የሁለት እጁ እነሴና የእነማይ ወረዳዎች ትምህርት ቤቶች፣ የግብርና ባለሙያዎችና የደብር አስተዳዳሪዎች ግንቦት 28ን ከአዳራሽ ያውጡት። ዓምና የተተከለበት ቦታ ይወጣ፤ ተማሪው ይቁጠር፤ ከመቶ ስንቱ እንደጸደቀ በገበያ ቀን በአደባባይ ይነገር። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ከሆነም ዝቅ ብሎ ይነገር፤ አዲስ ችግኝ ለዚያ ቦታ ከመሰጠቱ በፊት ያለፈው ለምን እንደሞተ ይጠየቅ።