ጧሪዋን ማን ጠየቃት?

በአማርኛ «መጠየቅ» ሁለት ሥራ አለው። ማወቅ የፈለገ ይጠይቃል፤ የታመመ ደግሞ ይጠየቃል። የመርሳት በሽታ የሚለካበት መንገድ ታሪክ በአብዛኛው የመጀመሪያው መጠየቅ ታሪክ ነው፤ ማን፣ ምን ተብሎ ይጠየቅ የሚለው። ሁለተኛው፣ ማለትም በሽተኛውንና አስታማሚውን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ማየት፣ ዘግይቶ የገባ ነው። ፊደል ሳይቆጥሩ በገጠር ላረጁ ሰዎችና ለሚጦሯቸው ግን ሁለቱን መነጠል ብዙ አስከፍሏል።

እ.ኤ.አ. በ1901 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አሎይስ አልዛይመር ፍራንክፈርት ውስጥ አውጉስተ ዴተር ከተባለች የ51 ዓመት ሴት ፊት ተቀምጦ ስሟን ጠየቃት፤ የባሏን ስም ጠየቃት፤ ዕቃ እያሳየ ምንነቱን ጠየቃት። የባሏን ስም ስትጠየቅ የራሷን መለሰች። ሐኪሙ ጥያቄውንና መልሱን በየተራ መዘገበ። በ1906 ከሞተች በኋላ አንጎሏን መርምሮ ያቀረበው ንግግር ስሙን ከበሽታው ጋር ለዘለዓለም አቆራኘው። ወደ ሆስፒታል ያመጣት ባሏ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ምስክር ብቻ ነው። እሱ እንዴት እንደከረመ መለካት የማንም ሥራ አልነበረም።

በ1975 ባልና ሚስቱ ፎልስታይኖች ከባልደረባቸው ማክሂዩ ጋር «ሚኒ ሜንታል» የተባለውን ባለ 30 ነጥብ መጠይቅ አወጡ። አጭር ስለሆነ ዓለምን አዳረሰ። ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን ይጠይቃል፤ ያለንበት ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ይጠይቃል፤ ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መውረድን፣ የተጻፈን ትእዛዝ አንብቦ መፈጸምን፣ ዓረፍተ ነገር መጻፍን፣ የተጠላለፉ ሁለት ባለ አምስት ጎን ቅርጾችን መሳልን ይፈልጋል። ወደ ደጋ መንደር ይወሰድ ቢባል ችግሩ ወዲያው ይታያል። «ዛሬ ስንት ነው?» ሲባሉ «ሚካኤል ነው» የሚሉ አዛውንት ወሩ 12 መያዙን በትክክል ተናግረዋል። ዕድሜያቸውንም በቁጥር ሳይሆን «ጣሊያን ሲወጣ እረኛ ነበርኩ» ብለው ይነግራሉ። እርሳስ ጨብጦ ለማያውቅ እጅ ደግሞ ስዕሉ የማስታወስ ፈተና አይደለም። መጠይቁ አእምሮን እለካለሁ እያለ ትምህርት ቤትን ይለካል።

ይህን የተረዱ ተመራማሪዎች ጥያቄውን ከመተርጎም አልፈው እንደገና ወደ መጻፍ ሄዱ። በሰሜን ሕንድ በባላብጋር ገጠር ላልተማሩ ሽማግሌዎች የተዘጋጀውና በ1995 የታተመው የሂንዲ መጠይቅ፣ ትእዛዝ አንብቦ መፈጸምን ትቶ የጠያቂውን ድርጊት አይቶ መድገምን ተካ። ናይጄሪያ፣ ኢባዳን ውስጥ ስዕሉ ቀርቶ የክብሪት እንጨቶችን እንደታየው አድርጎ መደርደር ገባ። በታንዛኒያ ሃይ ወረዳ ገጠር የተሠራው አጭር መመዘኛም ድልድይ ምን እንደሆነ፣ የመንደሩ መሪ ማን እንደሆነ፣ ዕለቱ ምን እንደሆነ ይጠይቃል፤ በአንድ ደቂቃ የእንስሳት ስም ያስቆጥራል፤ የቃላት ዝርዝር ያስታውሳል፤ እንጨት ያስደረድራል። ገበሬ የሚያውቀውን ዓለም ስለሚጠይቅ፣ ሰውየው ካልመለሰ ጥፋቱን በፊደል ማሳበብ አይቻልም።

ሌላው መላ ከጎን ያለውን ሰው መጠየቅ ነበር። በካናዳ ክሪ ሕዝቦችና በኢባዳን ዮሩባዎች መካከል የተፈተነው መጠይቅ ሽማግሌውን ከፈተነ በኋላ የቤተሰቡን አባል ያነጋግራል። እዚህ ላይ ግን ሌላ ግድግዳ አለ። ልጅ የሚጦረው ሽማግሌ ገበያ አይወጣም፣ ገንዘብ አይቆጥርም፣ ቡና አያፈላም። ያልተሰጠውን ሥራ ማቆሙን ማን ያያል? ቢታይስ ልጅ የአባቱን ገመና ለእንግዳ ያወጣል?

«10/66» የተባለው የምርምር ቡድን በ1998 የተመሠረተው፣ ሁለት ሦስተኛው በሽተኛ በታዳጊ አገሮች እየኖረ ስለነሱ የሚደረገው ምርምር ግን አሥር በመቶ እንኳ አይሞላም በሚል ቁጭት ነው። በላቲን አሜሪካ፣ በሕንድና በቻይና 65 ዓመት የሞላቸውን አጥንቶ በ2008 ያወጣው ውጤት ይህን ግድግዳ በቁጥር ያሳያል። በተለመደው የአሜሪካ መስፈርት በሕንድ ገጠር የተገኘው በሽተኛ 0.3 በመቶ ብቻ ነበር። ለአካባቢዎቹ በተዘጋጀው መስፈርት ግን የትም ቦታ ከ5.6 በመቶ አልወረደም። ልዩነቱ በከፊል ከቤተሰቡ ዝምታ የመጣ ነው።

ዝምታው ቃል አለው። እኛ «ጃጁ» ብለን እናልፋለን። በኬረላ በማላያላም ቋንቋ ልጅነትን የሚያመለክት ቃል አለ። አንትሮፖሎጂስቱ ሎውረንስ ኮኸን በ1998 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ ሕንድ ውስጥ የሽማግሌ መጃጀት እንደ በሽታ ሳይሆን ክፉ ቤተሰብ እንዳለ ምልክት ሆኖ ይተረክ ነበር፤ ጥሩ ልጆች ቢኖሩት ኖሮ እንዲህ ባልሆነ። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ተብሎ በሚመረቅበት አገርም ፍርዱ ሩቅ አይደለም። ጧሪ መሆን ክብር ነው፤ ስለዚህም «ደከመኝ» ማለት ነውር ነው።

ድካሙን በ1980 ለመለካት የሞከሩት ስቲቨን ዛሪትና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ 29 አስታማሚዎችን ስለ ጤናቸው፣ ስለ ራሳቸው ጊዜ፣ ስለ ቁጣቸው ጠየቁ። ሸክሙ ከበሽተኛው የመርሳት መጠን ጋር አልሄደም። የተያያዘው ሌሎች ዘመዶች ምን ያህል እየመጡ እንደሚጠይቁ ከሚለው ጋር ነበር። በገጠር ትልቅ ቤተሰብ ስላለ ሸክሙ ይቀላል የሚለውን እምነት ደግሞ የ«10/66» ቡድን በ2004 ፈተነው። በታዳጊ አገሮች ያሉ 706 አስታማሚዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ቢያንስ የበለጸጉትን አገሮች አስታማሚዎች ያህል ተጨንቀው ተገኙ። የቤተሰቡ መብዛት ትንሽ ያግዛል፤ ነገር ግን ሌሊቱን የምትነቃው አንዷ ናት።

በኢትዮጵያ የገጠር የአእምሮ ጤና ምርምር ስሙ የሚነሣው ቡታጅራ ነው። በ1998 እና በ2001 መካከል ቤት ለቤት 68,378 ሰዎች ተጠይቀዋል፤ የመንደሩን ሰው የሚያውቁ ነዋሪዎችም ጠቋሚ ሆነዋል። ጥናቱ ስኪዞፍሬኒያንና መሰል ከባድ ሕመሞችን ስለሚፈልግ ዕድሜው ከ15 እስከ 49 ተገድቧል። ለዓላማው ተገቢ ነበር። በዚያው ደጃፍ የተቀመጡት አያትና የሚያጎርሷቸው ሴት ግን ከጥያቄው ውጭ ቀሩ። አዛውንትን የሚፈልግ ጥናት ሌላ ደጃፍ አይጠብቅም፤ ያንኑ ነው የሚያንኳኳው። ሲያንኳኳም ጧሪዋን ለብቻዋ፣ አማትም ባልም በማይሰሙበት ቦታ፣ ሌሊት ማን እንደሚነቃና ማን እንደሚተካት መጠየቅ አለበት። ሰው ባለበት የምትሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «ተመስገን» ትላለች።

ከዋሽንግተን፣ ከሪያድ ወይም ከስቶክሆልም ለሚደውለው ልጅም መልሱ ይኸው ነው። ስልኩ በእናት ጆሮ ላይ ይደረጋል፤ እናት ማን እንደደወለ ባያውቁም ይመርቃሉ፤ ገንዘቡ መድረሱ ይነገራል። ስልኩን የያዘችው እህት ወይም ምራት እስኪዘጋ ድረስ ስለ ራሷ አንድም ጥያቄ ላይመጣላት ይችላል። የዛሪት ጥናት የነገረን ገንዘቡ አይጠቅምም የሚል አይደለም። ጠያቂ ያለው አስታማሚ ሸክሙ እንደሚቀለው ነው የነገረን።